ስለ አዘዞ ታሪክና ስለ ጎንደር ሰፈሮች ስም አወጣጥ

ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ



ሰው የአባቱንና የአያቱን ስም እየቈጠረ ትውልዱን እንደሚያውቅ፤ እንደዚሁም የሚኖርበትን መንደር፤ የሚሻገረውን ወንዝ፤ የሚያርፍበትን ዛፍ ስም ከነምክንያቱ ሊያውቅ ይገባዋል። ትውልዱን የማያውቅ ሰው በርስት ክርክር ጊዜ ሲያፍር እናያለን፤ የአገሩን ስሞች የማያውቅ ሕዝብም እንዲሁ በታሪክ ሸንጎ ቆሞ የሚናገረው ያጣል።

ከሳንጃም ሆነ ከሌላው የአርማጭሆ ቆላ ተነሥቶ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው፤ ሕመምተኛ ቢያደርስ፤ ሰሊጥ ቢሸጥ፤ ወይም ልጁን ከፍ ወዳለ ትምህርት ቤት ቢያስገባ፤ ጎንደርን ሳያይ አይመለስም። ነገር ግን ብዙው ሰው የፋሲልን ግንብ አይቶ ያደንቃል እንጂ ግንቡን ከብበው የተቀመጡት ሰፈሮች ስማቸውን ከየት እንዳገኙ አይጠይቅም። ይልቁንም ከከተማው ወጣ ብላ፤ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን አዘዞን የመኪና ማለፊያ አድርጎ ብቻ ይቈጥራታል። እርስዋ ግን በዕድሜ ጎንደርን የምትቀድም ናት። ይህ ትምህርት የተጻፈው ይህንን ነገር ለመግለጥና፤ መምህራንም በየመንደራቸው ያለውን የቦታ ስም ሽማግሎች ሳያልፉ በጽሕፈት እንዲያኖሩ ለማሳሰብ ነው።

በዚህ ጽሕፈት ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅ።

ክፍል 1፤ ሰፈር ማለት ምን ማለት ነው

ሰፈር የሚለው ቃል ሰፈረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ይኸውም ተጕዞ የመጣ ሰው ወይም ሠራዊት በአንድ ቦታ ተቀመጠ፤ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። ከተማ የሚለውም ቃል በጥንት ዘመን የንጉሡን የጦር ሰፈር የሚያመለክት ነበር። ነገሥታቱ ክረምቱን በአንድ ቦታ ይከርሙ፤ በጋውን ደግሞ ይዘምቱ ስለ ነበረ፤ ከተማቸው አብሮአቸው ይነሣ፤ አብሮአቸውም ያርፍ ነበር።

ድንኳን በሚተከልበት ጊዜ ግን ማንም በወደደው ቦታ አይተክልም። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ሆኖ፤ በፊት የሚሰፍረው በፊት፤ በቀኝ የሚሰፍረው በቀኝ፤ በግራ የሚሰፍረው በግራ፤ ሁሉም በየማዕርጉ ቦታውን ያውቃል። ፊታውራሪ፤ ቀኛዝማች፤ ግራዝማች የሚባሉት የሹመት ስሞች የወጡት ከዚህ ሥርዓት ነው። በጨለማ የደረሰ መልእክተኛ እንኳ የንጉሡን ድንኳን ካገኘ የሌላውን ማደሪያ ሳይጠይቅ ያገኘው ነበር።

እንግዲህ መምህሩ ለልጆች ይህንን አስቀድሞ ሊያስረዳ ይገባል፤ ምክንያቱም ጎንደር ማለት ድንኳኑ ወደ ድንጋይ የተለወጠ የጦር ሰፈር ናት። የድንኳኑ ሥርዓት በሰፈሮቿ ስም ላይ ታትሞ ቀርቷል።

ክፍል 2፤ አዘዞ ጎንደር ሳትቆረቆር

ዐፄ ሱስንዮስ ከ1599 እስከ 1624 ዓ.ም. ነገሡ። መቀመጫቸውንም በጣና ዳር በጎርጎራ፤ በኋላም በደንቀዝ አደረጉ። በዘመናቸው ከአውሮፓ የመጡ ኢየሱሳውያን የተባሉ የካቶሊክ መነኮሳት በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ተሰሚነት አግኝተው ነበር፤ ከእነርሱም መካከል በ1595 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባውና በ1610 ዓ.ም. የዐባይን ምንጭ ያየው ፔድሮ ፓኤዝ በእጅጉ የታወቀ ነው። እርሱም በ1614 ዓ.ም. በዚሁ በአገራችን ሞተ።

ንጉሡ በ1613 ዓ.ም. ገደማ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ የተባለ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ስሙ እንደሚያስረዳው ቦታው ገነት፤ ማለት የአትክልት ስፍራ ነበረ፤ የውኃ ኩሬና የንጉሥ ማረፊያም ነበረበት። የቤተ ክርስቲያኑ አሠራር እንደ አገራችን ልማድ ክብ ያልሆነ፤ የአውሮፓን ሥርዓት የተከተለ ነበር። በዚያው ዘመን ኖራ አቃጥሎ ድንጋይን በኖራ ማያያዝ በአገራችን እየተስፋፋ ሄደ፤ ከሕንድ አገር የመጡ ግንበኞችም በሥራው ተካፈሉ። ይህ የግንብ ጥበብ ከመነኮሳቱ ጋራ አብሮ ተባርሮ አልሄደም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በጎንደር ግንቦች ላይ ተገለጠ እንጂ። ስለዚህ የጎንደርን ግንብ የሚያደንቅ ሰው የመጀመሪያውን ትምህርት ያዩበትን አዘዞን ሊረሳት አይገባውም።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1618 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በይፋ ስለ ተቀበሉ አገሩ ታወከ፤ ወንድም ከወንድሙ ጋራ ተዋጋ፤ ብዙ ሺህ ገበሬም በጦርነቱ አለቀ። በመጨረሻም በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል አስተላለፉ። ከጥቂት ወራትም በኋላ ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያው በአዘዞ በገነተ ኢየሱስ ነው።

ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን በ1626 ዓ.ም. ከአገር አስወጡ። ገነተ ኢየሱስም ስሙና አገልግሎቱ ተለወጠ፤ ቦታው ለአባታችን ለተክለ ሃይማኖት ታቦት ሆነ። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትም በአዘዞ ሰፈሩ፤ አለቃቸው እጨጌውም በዚያ ተቀመጡ። እስከ ዛሬ ድረስ ሕዝቡ አዘዞ ተክለ ሃይማኖት እያለ የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። በ2000 ዓ.ም. ዙሪያ ከስፓኝ አገር ከማድሪድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የመሬት ቁፋሮ ሊቃውንት ቦታውን ቈፍረው የቀደመውን ሕንፃ መሠረት ገልጠዋል፤ በመጻሕፍት የተነገረውም በድንጋይ ተመስክሯል።

እዚህ ላይ መምህሩ አንድ ነገር ያስተውል። ተክለ ሃይማኖት የሚለው የዛሬው ስም ብቻውን ቢነገር ትክክል ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ገነተ ኢየሱስ የሚለው የጥንቱ ስም ባይጻፍ ኖሮ በዚያ ቦታ ንጉሥ እንደ ተቀበረ፤ ስለ ሃይማኖትም እጅግ ብዙ ደም እንደ ፈሰሰ ከቦታው ስም ሊያውቅ የሚችል ማንም አይኖርም ነበር። ስም ሲለወጥ የቀደመው ስም ካልተጻፈ፤ የቀደመው ታሪክ ከመቃብሩ በላይ ሌላ መቃብር ይጫነዋል።

ክፍል 3፤ የጎንደር መቆርቆርና የሰፈሮቿ ስም

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከአንገረብና ከቀሐ ወንዞች መካከል ባለው ኰረብታ ላይ ጎንደርን ቆረቆሩ። ከዚያ ጀምሮ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እስኪነግሡ ድረስ፤ ከ200 ዓመት በላይ፤ ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ ሆነች። በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ከተማይቱ 10,000 ያህል ቤተ ሰብ እንዳለባት ገምቷል።

የሰፈሮቹን ስም ለማስተማር በየወገናቸው መክፈል ይረዳል።

አንደኛ፤ ከቤተ መንግሥቱ አቀማመጥ የወጡ ስሞች አሉ። ፊት ሚካኤልና ፊት አቦ የተባሉት በቤተ መንግሥቱ ፊት የተተከሉ ደብሮች ናቸው። ቀኝ ቤት የሚባለው ስምም የዚያው የጥንቱ የድንኳን ሥርዓት ምልክት ነው። ልጁ በክፍል 1 የተማረውን እዚህ ላይ እንዲያስታውስ መምህሩ ይጠይቀው።

ሁለተኛ፤ ከሹመት የወጡ ስሞች አሉ። አቡን ቤት የጳጳሱ ማደሪያ ነበረ። እጨጌ ቤት ደግሞ በአዘዞ የተቀመጡት እጨጌዎች በጎንደር ከተማ ውስጥ የነበራቸው ሰፈር ነው። እጨጌ ቤት የመማጠኛ ስፍራ ስለ ነበረ፤ በደል ሠርቶ የሸሸ ሰው ወይም ጕልበተኛ ያሳደደው ድኻ ወደዚያ ከገባ ማንም አይነካውም ነበር። በጭንቅ ዘመን ባለጠጎችና ነጋዴዎችም ገንዘባቸውን በዚያ ያስጠብቁ ነበር። ስለዚህ የአንድ ሰፈር ስም ሕግንም ይነግረናል ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ስሞች አሉ። ጎንደር ዐርባ አራት ታቦት ያለባት እየተባለች የምትጠራ ስለ ሆነች ከዚህ ወገን ያለው ስም እጅግ ብዙ ነው። ቀዳማዊ ኢያሱ ያሠሩት ደብረ ብርሃን ሥላሴ፤ እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው በስተ ምዕራብ ካለው ኰረብታ ሥር ያሠሩት ቁስቋም፤ ዳግመኛም ልደታና አባ እንጦንስ ሁሉም የደብርም የሰፈርም ስሞች ናቸው። ቁስቋም የተባለው ስም እመቤታችን ከልጇ ጋራ በስደቷ ጊዜ ዐርፋበታለች ከሚባለው በግብጽ ካለው ተራራ የተወሰደ ነው።

አራተኛ፤ ከነዋሪዎቹ የወጡ ስሞች አሉ። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1660 ዓ.ም. አካባቢ በተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ሌሎችም ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰኑ። በዚህ ምክንያት በቀሐ ወንዝ አጠገብ እስላም ቤት የተባለ ሰፈር ቆመ፤ በኋላ ዘመን አዲስ ዓለም የሚል ስም አገኘ። በሃይማኖት መለየት በሌላም አገር ነበረ፤ በኢየሩሳሌም ቅጥር ውስጥ የክርስቲያን፤ የአርመን፤ የእስላምና የአይሁድ ሰፈሮች እስከ ዛሬ ድረስ በየስማቸው ይጠራሉ። ይሁን እንጂ አዋጅ ሰፈርን ቢለይም ገበያን አይለይም፤ የጎንደር ንግድ በአብዛኛው በአዲስ ዓለም ነጋዴዎች እጅ ነበረ፤ የክርስቲያኑም ሸማ የተሸመነው በእነዚያው ሸማኔዎች እጅ ነው።

ከዚሁ ወገን ካይላ ሜዳ የሚባል ስም አለ። ካይላ የሚለው ስም ሌሎች ያወጡላቸው ነው፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ፤ መምህሩም ለልጆች ሲያስተምር በዚህ በወደዱት ስም ይጥራቸው። እነዚህ ሰዎች ግንበኞች፤ ብረት ሠሪዎችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ በጎንደር ግንቦች ሥራም ላይ ደክመዋል። ከከተማው በስተ ሰሜን ያለው ወለቃ የተባለው መንደራቸው በሸክላ ሥራው የታወቀ ነበር። ከ1977 ዓ.ም. እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አብዛኞቹ ወደ እስራኤል አገር ሄዱ። ግንቡን ያሠራው ንጉሥ ስሙ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ ግንቡን የሠራው እጅ ግን በሰፈር ስም ብቻ ቀርቷል። ያ የሰፈር ስም ቢጠፋ ለዚያ እጅ ምስክር የሚሆነው ምንድን ነው?

አምስተኛ፤ ከዛፍና ከገበያ የወጡ ስሞች አሉ። በግንቡ አጠገብ ያለው ጃንተከል የተባለው ዋርካ የአዋጅ መንገሪያና የፍርድ መፈጸሚያ ነበረ። ጃን ማለት በጥንት አነጋገር ለንጉሥ የሚነገር ቃል ነው፤ ጃንሆይ ስንል ይኸው ቃል አለበት፤ ስለዚህ ጃንተከል ማለት ንጉሥ የተከለው ማለት ነው ተብሎ ይተረጐማል። ቅዳሜ ገበያም በዕለቱ ስም ተጠርቷል።

ይህ የስም አወጣጥ በጎንደር ብቻ የሚገኝ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ጊዜ መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ጭፍሮቻቸውን ይዘው ስለ ሰፈሩ ደጃች ውቤ ሰፈር እና የመሳሰሉት ስሞች ወጡ፤ ሠራተኛ ሰፈርም በእጅ ሥራ አዋቂዎች ስም ተጠራ። አራዳ የሚለው የገበያ ስም በጎንደርም በአዲስ አበባም ይገኛል።

ክፍል 4፤ የመከራ ዘመንና አዲሱ የአዘዞ ከተማ

ጎንደር ሦስት ጊዜ ጽኑ መከራ አገኛት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱን አቃጠሉ፤ ዘረፉም። በ1880 ዓ.ም. በጥር ወር ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ ከተረፉትም ጥቂቶች መካከል ደብረ ብርሃን ሥላሴ አንዱ ነው። በዓመቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ደርቡሾችን ለመውጋት ዘምተው በመተማ ወደቁ። ሦስተኛውም መከራ የጣልያን ወረራ ነው፤ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ጎንደር ገባ።

ጣልያን በአምስት ዓመት ተኩል ቆይታው በከተማው መካከል የመንግሥት ቤቶችን፤ የፖስታ ቤትንና የሲኒማ አዳራሽን ሠራ። ፒያሳና አውቶፓርኮ የተባሉት የሰፈር ስሞች የዚያ ዘመን ቅሬታዎች ናቸው፤ ፒያሳ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ሲሆን አውቶፓርኮ የመኪና ማቆሚያ ማለት ነው። በአዘዞም የአውሮፕላን ማረፊያና የጦር ሰፈር አበጀ። እንግሊዞችና የኢትዮጵያ አርበኞች በምሥራቅ አፍሪካ የቀረውን የመጨረሻውን የጣልያን ምሽግ ለመስበር በተዋጉ ጊዜ የአዘዞ ማረፊያ በአውሮፕላን ተደበደበ፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነጻ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አዘዞ በሁለት ነገር አደገች። አንደኛው የጦር ሰፈሩ ነው፤ ወታደር ባለበት ጠላ ሻጭ፤ ልብስ ሰፊ፤ ሱቅ ከፋች፤ ልጅ አስተማሪም ይመጣልና። ሁለተኛው መንገድ ነው። ከአዘዞ አንዱ መንገድ ወደ ደቡብ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ አንዱ ወደ ምዕራብ በጭልጋ በኩል ወደ መተማና ወደ ሱዳን ይሄዳል፤ አንዱም በቆላ ድባ በኩል ወደ ጎርጎራ ወደ ጣና ዳር ይደርሳል። የጎርጎራው መንገድ ወደ ሱስንዮስ የቀድሞ መቀመጫ፤ የመተማው መንገድ ዐፄ ዮሐንስ ወደ ወደቁበት ምድር ያደርሳል፤ ስለዚህ በአዘዞ መንታ መንገድ ላይ የቆመ ልጅ ፊቱን ወደየትም ቢመልስ ታሪክ ያገኛል።

የአዘዞን ከተማ አቀማመጥ ለልጆች በሰሌዳ ላይ ሲሥሉ እንዲህ ይበሉ፤ ከፍ ባለው ቦታ ላይ የተክለ ሃይማኖት ደብር አለ፤ ድማዛ የተባለው ወንዝ አለ፤ በወንዙም ስም የሚጠራ ሰፈርና ትምህርት ቤት አለ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ገበያውና ሱቆቹ ተሰልፈዋል፤ ወደ ደቡብም ዛሬ በዐፄ ቴዎድሮስ ስም የተሰየመው የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። ደብሩ የመነኮሳትን ዘመን፤ የጦር ሰፈሩ የወረራን ዘመን፤ ገበያው የመኪና መንገድን ዘመን ያስታውሳል። በጎንደርና በአዘዞ መካከል ቀድሞ እርሻና ሜዳ የነበረው ዛሬ በቤት ተያይዟል፤ አዘዞም ከጠዳ ጋራ ተጣምራ ከጎንደር ክፍለ ከተሞች አንዷ ሆናለች።

ክፍል 5፤ ስም በቁጥር ሲለወጥ

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቀበሌዎች በአዋጅ ከቆሙ በኋላ ሰፈሮች ሁሉ ቁጥር ተሰጣቸው። ቁጥር ለአስተዳደር ይጠቅማል፤ ደብዳቤ ለማድረስ፤ ሕዝብ ለመቍጠር፤ ግብር ለመሰብሰብ ይመቻል፤ ስለዚህ ቁጥሩን አንነቅፍም። ነገር ግን ብዙ ወጣቶች ዛሬ ሰፈራቸውን ሲጠየቁ ቀበሌ 16፤ ቀበሌ 18 ብለው ይመልሳሉ፤ ከቁጥሩ በፊት የነበረውን ስም ብትጠይቁአቸው ዝም ይላሉ። ቁጥር ደግሞ እንደ ስም አይጸናም፤ አስተዳደር በተለወጠ ቁጥር እርሱም ይለወጣል።

ይህ ነገር የታሪክ ወዳዶች ጭንቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ እኔ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ አንዲት ባልቴት የአባቷን የርስት ወረቀት ይዛ መጣች። ወረቀቱ የመሬቱን ወሰን ሲናገር ከዋርካው በታች፤ ከሸክላ ሠሪዎች ምንጭ ማዶ ይላል። በመዝገባችን ውስጥ እንዲህ ያለ የቦታ ስም ስላልነበረ፤ እኔም ከሌላ አገር የመጣሁ ስለ ሆንሁ፤ «እመይቴ፤ በዚህ ወረዳ እንዲህ የሚባል ቦታ የለም» ብዬ ወረቀቷን መለስሁላት። እርስዋም፤ «ልጄ፤ ቦታውማ አለ፤ የሌለው የሚያውቀው ሰው ነው» ብላኝ እያለቀሰች ወጣች።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ በምርኵዝ እየተደገፉ ከእርስዋ ጋራ መጡ። አብረን ሄድን፤ ዋርካው ከተቈረጠ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር፤ እርሳቸው ግን ሣሩን በምርኵዛቸው ገልጠው ጕቶውን አሳዩን፤ ከጕቶውም ቍልቍል የደረቀውን ምንጭና በዙሪያው የተበተነውን የሸክላ ስባሪ አሳዩን። ባልቴቷ መሬቷን አገኘች። ሽማግሌው ግን ከዚያ በኋላ ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። አንድ ዓመት ዘግይታ መጥታ ቢሆን ኖሮ በእኔ ድንቍርና ርስቷን ባጣች ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቦታ ስም በሰማሁ ጊዜ ሳልጽፍ አላድርም።

ክፍል 6፤ መምህራን ምን ያድርጉ

እንግዲህ በሳንጃም ሆነ በሌላው ገጠር ያላችሁ መምህራን የአዘዞን ታሪክ ካስተማራችሁ በኋላ ልጆቹን ወደ ገዛ መንደራቸው መልሱአቸው። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ዋና ከተማ ናት፤ በጎንደርና በሑመራ መንገድ ላይ ያለች የቆላ ገበያ ስለ ሆነች ከየአገሩ የመጣ ሰው ይሰፍርባታል፤ ሰፋሪ በበዛበትም አዲስ ስም ይወጣል፤ አሮጌው ይረሳል። ሥራውን በዚህ ተራ ብታደርጉት ይቀናል።

1ኛ፤ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን የወንዝ፤ የምንጭ፤ የዛፍ፤ የጉብታና የሰፈር ስም ሁሉ ጽፎ ያምጣ።

2ኛ፤ ስለ አንድ ስም አንድ ሽማግሌ ብቻ አይጠየቅ፤ ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው ይጠየቁ። ቃላቸው ቢስማማ እንዲሁ ይጻፍ፤ ቢለያይ ሦስቱም ቃል ይጻፍ እንጂ መምህሩ በገዛ ፈቃዱ አንዱን አይጣል። ከሦስቱም አንዷ ሴት ወይዘሮ ብትሆን መልካም ነው፤ የምንጭንና የገበያን፤ የእንጨት መልቀሚያንም ስም ከወንዶች ይልቅ እነርሱ ያውቁታልና።

3ኛ፤ ከቃል ድምፅ ብቻ ተነሥቶ ትርጓሜ አይፈጠር። አዘዞ የሚለው ስም አዘዘ ከሚለው ግስ ጋራ በድምፅ ስለ ተቀራረበ ብቻ ንጉሥ ያዘዘበት ማለት ነው ብሎ መወሰን የጥንቃቄ ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለ ትርጓሜ ሲሰማ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ተብሎ ይጻፍ።

4ኛ፤ የተለወጠ ስም ካለ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የተለወጠበትም ዘመንና ምክንያት ይጨመር። ገነተ ኢየሱስና ተክለ ሃይማኖት እንደ ሆኑት ማለት ነው።

5ኛ፤ ለአንድ ወገን ስድብ የሆነ ስም ቢገኝ አይደበቅ፤ ግን ስድብ መሆኑ አብሮ ይጻፍ፤ ሰዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩበትም ስም ይቅደም።

6ኛ፤ የጥንት ፍርስራሽ በተገኘበት ቦታ ልጆች ድንጋይ እንዳያነሡ፤ እንዳይቈፍሩም ይከልከሉ። ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ምስክርነቱን ያጣል። በ1972 ዓ.ም. የፋሲል ግንብ ከዓለም ቅርሶች ጋራ ተመዝግቧል፤ በየገጠሩ ያለው ትንሽ ፍርስራሽ ግን ከመንደሩ ሰው በቀር ጠባቂ የለውም።

7ኛ፤ የተሰበሰበው ሁሉ በአንድ መዝገብ ተገልብጦ አንዱ በትምህርት ቤቱ፤ አንዱ በደብሩ ወይም በመስጊዱ፤ አንዱ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል፤ ይህንንም ከጎንደር ቃጠሎ ተምረናል።

ለልጆች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ፊታውራሪና ፊት ሚካኤል በሚሉት ስሞች ውስጥ ፊት የሚለው ቃል ምን ያመለክታል?
2. ከአዘዞና ከጎንደር በታሪክ የምትቀድመው ማን ናት? በምን ይታወቃል?
3. ገነተ ኢየሱስ የነበረው ቦታ ዛሬ በምን ስም ይጠራል? ስለ ምን ተለወጠ?
4. በጎንደር እጨጌ ቤት የገባ ሰው ስለ ምን አይያዝም ነበር?
5. ከአዘዞ የሚወጡት ሦስቱ መንገዶች ወዴት ወዴት ይሄዳሉ?
6. አንተ ከተወለድህ በኋላ ስሙ የተለወጠ ቦታ በመንደርህ አለን? የቀድሞውን ስም ማን ያውቀዋል?

መደምደሚያ

አባቶች ሆይ፤ ልጆች ደብተር ይዘው ወደ ደጃችሁ በመጡ ጊዜ ይህ የልጅ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትመልሱአቸው። እናንተ የምታውቁት ስም ለእናንተ የታወቀ ስለ ሆነ ለሁሉም የታወቀ ይመስላችኋል፤ ነገር ግን ብዙው ስም ዛሬ ያለው በጥቂት ሰዎች አንደበት ላይ ብቻ ነው። መምህራንም ሆይ፤ ስድስተኛውን ጥያቄ ለልጆች ብቻ አትተዉት፤ ዛሬ ማታ ለራሳችሁ ጠይቁት። መልሱን የሚያውቅ ሰው በመንደራችሁ ካለ፤ ነገ ሳትሉ ሂዱና ጻፉለት።

እግዚአብሔር የአባቶቻችንን ዕድሜ ያርዝምልን፤ ለእኛም የሰማነውን የምንጽፍበት ትጋት ይስጠን።